ቧንቧውን ውሃ ይጥረገው፤ ሰው አይግባበት

በዚህ መጽሔት ስለ አገር ዕድገት፣ ስለ ትምህርትና ስለ ባህል ብዙ ተብሏል። ዛሬ ግን አንባቢዎቻችን አፍንጫቸውን ይዘውም ቢሆን ከታገሡን ስለ ፍሳሽ ቧንቧ እንነጋገራለን። የኪነ ጥበብ ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ቧንቧ ምን ያውቃል የሚለን ቢኖር፣ ያዩትን ለመናገር መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም እንላለን።

ያየነው እንዲህ ነው። በኅዳር ወር አንድ ማለዳ፣ የደብረ ብርሃን ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎት ሳለ፣ ተማሪዎች ከሚኖሩባቸው ግቢዎች በአንዱ (ስሙን መጥራት አያስፈልግም) የሽንት ቤቱ መስመር ተደፍኖ ፍሳሹ መተላለፊያውን ሞልቶት ነበር። ሁለት ሠራተኞች መጡ። የያዙት ረጅም የብረት ዘንግ፣ ባልዲና ገመድ ብቻ ነው። ዘንጉ አልደርስ ባለ ጊዜ አንደኛው፣ በዕድሜ አባታችን የሚሆኑ ሰው፣ ኮታቸውን አውልቀው፣ የማንሆሉን ክዳን አንሥተው በባዶ እግራቸው ወረዱ። ጓንት የለ፣ ጭምብል የለ። እኛ ከላይ ቆመን እየተሳሳቅን እንመለከታለን። በባልዲ እየተሞላ የወጣውን ስናይ ግን ሳቃችን ቆመ። ፌስታል፣ ጨርቅ፣ ሞዴስ፣ ምላጭ፣ የረጋ የወጥ ቅባት፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በደቃቅ ጽሕፈት የተሞላ የታጠፈ ወረቀት፤ አጤሬራ! እኚያ ሰው ቀና ብለው፣ «ልጆቼ፣ ይህን ሁሉ ጽፋችሁ የላካችሁት ለእኔ ነው?» አሉን። ከመካከላችን አንዱ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልን» ከማለቱ በቀር መልስ አልነበረንም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ጠየቅን፤ አነበብንም። በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ቆሻሻ ሲበሰብስ እንደ ገማ እንቁላል የሚሸት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ክፋቱ፣ ጋዙ ሲበዛ የማሽተት ስሜትን ራሱን ማደንዘዙ ነው። «ሽታው ጠፋ፣ አየሩ ጸዳ» ያለ ሰው በዚያች ቅጽበት ሞት አፋፍ ላይ ሊሆን ይችላል። ሊያወጣው የሚወርደው ጓደኛውም አብሮት ይወድቃል፤ በየአገሩ እንዲህ ባለ አደጋ የሚሞቱት ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት እየሆኑ የሚገኙት ስለዚህ ነው። ሕንድ ሰውን ያለ መከላከያ ወደ ፍሳሽ መስመር ማስገባትን እ.ኤ.አ. በ2013 በሕግ ከልክላለች፤ ነገር ግን ሕጉ ከወጣ በኋላም ሞቱ አልቆመም። እኚያ አባት ያን ማለዳ በሕይወት መውጣታቸው ዕድል እንጂ የማንም ጥንቃቄ አልነበረም።

ታዲያ ሌላ መንገድ የለምን? አለ፤ አዲስም አይደለም። የውሃ ታንከርና ኃይለኛ ፓምፕ በመኪና ወይም በትንሽ ተጎታች ላይ ይጫናል። ፓምፑ ውሃውን ከ100 እስከ 200 ባር በሚሆን ግፊት ወደ ረጅም የውሃ ጎማ ይልከዋል፤ የአንድ የቤት መኪና ጎማ አየር ከ2 እስከ 3 ባር ብቻ መሆኑን አስቡ። በውሃ ጎማው ጫፍ ያለው የብረት አፍ ቀዳዳዎቹ አብዛኞቹ ወደ ኋላ የዞሩ ናቸው። ውሃውን ወደ ኋላ ሲተፋ ራሱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ማንም ሳይገፋው እንደ እባብ በቧንቧው ውስጥ ይሳባል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከታችኛው ማንሆል ጀምሮ ሽቅብ ይልከዋል፤ ከዚያም ቀስ እያለ መልሶ ሲጎትተው ውሃው ቅባቱንና አሸዋውን እየፋቀ ወደ ታችኛው ጉድጓድ ያመጣዋል። እዚያ በመጣጭ ቦቴ ካልተነሣ ግን ድፍኑ ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ማሽኑም ጨዋታ አይደለም። ያ ውሃ ሥጋ ይቆርጣል፤ ያረጀ ቧንቧ ይሰብራል፤ ያልሠለጠነ ሰው ከያዘውም የሽንት ቤቱን ውሃ ሽቅብ ወደ ጣሪያ ይረጨዋል። ቢሆንም ሰውየው ከጉድጓዱ አፍ በላይ ቆሞ ይሠራል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

በእኛ ከተማ ነገሩ የሚብስበት ምክንያት አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት። ሙቅ ሆኖ የተደፋ የወጥ ቅባት ብርድ ሲያገኘው ረግቶ ከቧንቧው ግድግዳ ይጣበቃል፤ ፌስታሉና ጨርቁ ደግሞ በላዩ ይያዛል። ይህ የድሃ አገር ጉድ ብቻ እንዳይመስለን፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በለንደን ከተማ ዋይትቻፕል በተባለው ሰፈር ሥር 250 ሜትር የሚረዝም፣ 130 ቶን ያህል የሚመዝን የቅባትና የጨርቅ ድፍን ተገኝቷል።

በአዲስ አበባ የተወሰነው ሰፈር መስመር ስላለው ፍሳሹ ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ ይሄዳል። በደብረ ብርሃን ግን አብዛኛው ቤት ፍሳሹን የሚያጠራቅመው በራሱ ጉድጓድ ነው። ረጅም መስመር ያላቸው ሆቴሎች፣ ሆስፒታሎች፣ ፋብሪካዎችና እንደ እኛ ያሉ ብዙ ሰው የሚያድርባቸው ግቢዎች ናቸው። ሞልቶ የፈሰሰውም በቦዩ አድርጎ ወደ በሬሳ ወንዝ ይወርዳል፤ በሬሳ ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ ዓባይ። ስለ ዓባይ ስንዘምር ምን እንደምንጨምርበትም ብናስብ መልካም ነበር።

«ለመጠጥ ውሃ በተራ በምትጠብቅ ከተማ ቧንቧ በውሃ ይታጠብ ማለት ቅንጦት ነው» የሚሉን አሉ። ክርክሩ እውነት አለው። ማሽኑ እንደ መጠኑ በደቂቃ 100 ወይም 200 ሊትር ሊጨርስ ይችላል፤ በ200 ብናሰላው በአሥር ደቂቃ 100 ጄሪካን ነው። ጄሪካን የተሸከመ ሰው ይህን ሰምቶ ቢቆጣ አንፈርድበትም። ነገር ግን ውሃው የሚጠጣ መሆን የለበትም፤ አሸዋው እስከ ተጣራ ድረስ የወንዝ ወይም ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ይበቃል። የክረምቱን ዝናብ ደግሞ ሰሜን ሸዋ ለማንም አያበድርም!

ሌላው እንቅፋት ከኪስ ይልቅ በልብ ያለ ይመስለናል። ሠራተኛን በሥራው መናቅ በአገራችን የቆየ በሽታ ነው። ከዚህ ብዙም በማይርቀው አንጎለላ ተወልደው አንኮበርን መናገሻቸው ያደረጉት አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረዋል። እኛ ዛሬ ሸማኔውንና ቀጥቃጩን በስብሰባ ላይ እናሞግሳለን፤ ጉድጓድ የሚገባውን ሰው ግን ሰላም ለማለት እንኳ ዞር ብለን እናልፋለን። የያን ማለዳ ሠራተኞች ሲጨርሱ እጃቸውን የሚታጠቡበት ሳሙና የሰጣቸው አልነበረም። እኛም አልሰጠናቸውም።

ስለዚህ ኅብረታችን ማመልከቻ እንዲጽፍ ጠይቀናል። የምንለምነው ትልቅ መኪና አይደለም፤ በፒካፕ የሚጎተት አንድ ትንሽ ማሽን በከተማው ያሉ ትልልቅ ግቢዎች በጋራ ገዝተው በተራ ቢጠቀሙበት ይበቃል። ማሽኑ እስኪመጣ ድረስ ክዳኑ ተከፍቶ ሳይናፈስ፣ አየሩ ሳይለካ፣ ገመድ በወገቡ ሳይታሰርና ከላይ የሚጠብቀው ሰው ሳይኖር ማንም ወደ ጉድጓድ እንዳይወርድ እንጠይቃለን። ከእኛ በኩል ደግሞ በየሽንት ቤቱ ክዳን ያለው የቆሻሻ ቅርጫት ይቀመጥ፤ ለዚህ ከየመኝታ ክፍሉ መዋጮ መሰብሰብ ተጀምሯል። አጤሬራውን የት እንደምትጥሉት ለእናንተ ትተነዋል።

ማመልከቻው በኅብረቱ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። ቢሮው ከሰዓት በኋላ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ክፍት ነው፤ እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ፣ የቢሮው ጠፍቷል።