ዓባይን ለመገደብ የጎደለው ምን ነበር?

ኬኔት ዋልትዝ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የመንግሥታትን አካሄድ የሚወስነው በመካከላቸው ያለው የኃይል ሚዛን ነው ሲል ተከራከረ። በዚህ አስተሳሰብ የዓባይ ነገር ግልጽ ነው፤ የታችኛው ተፋሰስ አገሮችና ደጋፊዎቻቸው በርትተው ነበርና ኢትዮጵያ አልገደበችም። ጌዲዮን ሮዝ እ.ኤ.አ. በ1998 «ኒዮክላሲካል ሪያሊዝም» ብሎ የሰየመው ወገን ግን፣ ጫናው ከውጭ ቢመጣም ምላሹ የሚወሰነው መሪዎች ሁኔታውን በሚረዱበት መንገድና መንግሥት ከሕዝቡ ሀብት ማሰባሰብ በሚችልበት መጠን ነው ይላል። ከዓባይ መነሻ ከጣና ላይ ግድብ ለመሥራት የተሞከረበት ታሪክ ለእኔ ለዚህኛው ይመሰክራል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ ያለ እንግሊዝና ሱዳን ስምምነት የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ፍሰት የሚያቆም ሥራ ላለመሥራት ተስማሙ። እ.ኤ.አ. በ1925 ደግሞ እንግሊዝና ኢጣሊያ ስለ ጣና ግድብና ስለ ባቡር መስመር እርስ በርስ ተደጋግፈው ሊጠቀሙ ተጻጻፉ። ራስ ተፈሪ ዝም አላሉም፤ በዓመቱ ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት አሉ፤ ሁለቱ ኃያላንም ለማስተባበል ተገደዱ። ቀጥሎም ሐኪም ወርቅነህን ወደ አሜሪካ ልከው ከጄ. ጂ. ኋይት ኩባንያ ጋር አነጋገሩ፤ መሐንዲሶቹም ጣናን መጥተው አጠኑ። ፍላጎቱም ማስተዋሉም ነበረ ማለት ነው። ግምጃ ቤቱ ግን ግድብ የሚያሠራ አልነበረም፤ ወጪው እንዲመለስ የታሰበውም ውሃውን ለታችኞቹ በመሸጥ ነበር። በ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ወረራ ደረሰና ነገሩ በዚያው ቀረ።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ፣ ለግድቡ የሚያበድር ዓለም አቀፍ ተቋም አልነበረም። የነበረው ቦንድ የሚሸጥ፣ ከሠራተኛው ደመወዝ በየወሩ የሚቆርጥ፣ የመንግሥት ባንክን የሚያዝዝ መዋቅር ነው። የግብፁ ፕሬዝዳንት ሙባረክ ከሥልጣን የወረዱት ከሁለት ወር ገደማ በፊት ስለሆነ ምክንያቱ የግብፅ መዳከም ነው የሚሉ አሉ። አጋጣሚው መርዳቱን አልክድም። ሆኖም የቦታው ጥናት ከዚያ ቀድሞ የተጠናቀቀ ነው፤ ካይሮ ከተረጋጋች በኋላም ግንባታው አልቆመም፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ።

በኒዮክላሲካል ሪያሊዝም ላይ የከበደው ተቃውሞ የምሁራኑ የሌግሮና የሞራቭቺክ ነው። የአገር ውስጥ ጉዳይ ከተጨመረበት ሪያሊዝምነቱ ምኑ ላይ ነው? ሁሉንም ካለፈ በኋላ የሚያብራራ ንድፈ ሐሳብስ ምን ይፈይዳል? ስለ መሪዎች አመለካከት ስናወራ ትችቱ ይነካናል፤ አመለካከት ለመለካት ያስቸግራልና። ሀብት የማሰባሰብ አቅም ግን በግብር፣ በቦንድና በብድር አስቀድሞ ይለካል። ሊያሳስት የሚችለው ደርግ ነው፤ ከገበሬው እህልም ወጣትም መሰብሰብ ችሎ ነበር፣ የሰበሰበው ግን ወደ ጦር ግንባር ሄደ። ስለዚህ መለኪያው የተሰበሰበው ብቻ ሳይሆን ከጦርነት የተረፈው መሆን አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግጭት ውስጥ ባለው በአማራ ክልል፣ ከባሕር ዳር ሆኖ ስለ ዓባይ ቀጣይ ሥራ የሚጽፍ ሰው ከካይሮ መግለጫ በፊት ማየት ያለበት ይህንኑ ሂሳብ ነው።