ያልተፈተነው ለምን ቀረ?

የክፍል ኃላፊ መምህር ነኝ። በፈተና ሰሞን ስም ስጠራ አንዷ ወልዳ ተኝታለች፤ አንዱ ከቤተሰቡ ጋር ተፈናቅሏል፤ ሌላው ወባ ጥሎታል፤ አንዱም ሰሊጥ አጨዳ ወርዷል። መዝገቡ ግን አራቱንም «ቀሪ» ብሎ ያልፋቸዋል።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደነገጠ፤ መደንገጡም ተገቢ ነበር። ስሌቱ የቆጠረው ግን የተፈተነውን ብቻ ነው። በትግራይ ጦርነት ምክንያት ለፈተና ያልተቀመጡት የክልሉ ተማሪዎች በዚያ ቁጥር ውስጥ የሉም።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። በመዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር፤ ሕመም፣ ወሊድ፣ መፈናቀል፣ ሥራ፣ ጋብቻ፣ የመንገድ ችግር ተብሎ ይሞላ። ከፈተና ነፃ የተደረገ ተማሪ ለብቻው ይመዝገብ። የብሬል ወረቀት ስላልደረሰው ያልተፈተነን ዓይነ ስውር ተማሪ «ነፃ» ብሎ መጻፍ የትምህርት ቤትን ጉድለት መሸፈን ነው። ምክንያቱን መምህሩ ከወላጅ ያረጋግጥ፤ የልጁ ምስጢር ይጠበቅ፤ ለበላይ አካል የሚላከው ድምሩ ብቻ ይሁን።

ምክንያቱ ሲለይ መፍትሔውም ይለያል። የታመመው ሌላ ዙር ፈተና፣ የወለደችው ሕፃኗን የሚይዝላት ሰው፣ የተፈናቀለው ደግሞ በተጠለለበት አካባቢ የፈተና ጣቢያ ይፈልጋሉ። ደካማ ነው ተብሎ፣ የትምህርት ቤቱን ውጤት እንዳያወርድ ቤቱ እንዲውል የተመከረ ልጅ ካለም ይታወቃል። ትምህርት ቢሮዎች ይህን ዓምድ ከሚቀጥለው ፈተና ጀምረው ያስገቡት።