ሕጉ የግቢውን በር አልፎ ይግባ

ሕፃናትን አላግባብ የሚያሠራ ይቀጣ ሲባል ሁላችንም ቶሎ እንስማማለን። በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ግን ባለፋብሪካ ወይም የግንባታ ተቋራጭ ነው። በአዲስ አበባ ከሰው ዓይን ርቀው የሚደክሙትን ልጆች የሚፈልግ የመኖሪያ ቤቶችን በር ማንኳኳት አለበት።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ዓመት ከፍ አድርጓል። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 የሆኑ ወጣት ሠራተኞች በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም እንዳይሠሩ ከልክሏል። የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይታያል ብሎ አልፎታል። ይህ አደራ በቀደመው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ላይም ተጽፎ ነበር።

ደንቡ ባለመውጣቱ ደላላ ከገጠር ያመጣት የ12 ዓመት ልጅ ጎህ ሳይቀድ ምድጃ ስታያይዝ፣ ቀን ሕፃን ስታዝል፣ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ዕቃ ስታጥብ ሰዓቷን የሚቆጥርላት የለም። «አስተምረዋለሁ» ተብሎ ከጋሞ ደጋ ወደ ሽሮ ሜዳ የመጣው ልጅም በአሠሪው ቤት ድውር ሲያዳውር ይውላል፤ ከፍ ሲል እግሩን ከሽመናው ጉድጓድ ከትቶ መወርወሪያ ያመላልሳል። ተቆጣጣሪ የሚገባው ድርጅት ወደተባለ ቦታ ነው፤ የሰው ጓዳ ማን ያየዋል?

ደንቡ እስኪወጣ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 በኃላፊነቱ ሥር ያለን ልጅ ከዐቅሙ በላይ የሚያሠራን ሰው ከ3 ወር በማይበልጥ ቀላል እስራት ይቀጣል፤ በጤናው ወይም በትምህርቱ ላይ ከባድ ጉዳት ከደረሰ ቅጣቱ ከ1 ዓመት አያንስም። ከትምህርት ገበታ ተነጥሎ ዓመታት የባከኑበት ልጅ ጉዳቱ ከባድ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ዐቃብያነ ሕግ ይህን በፍርድ ቤት አጥብቀው እንዲሟገቱበት እፈልጋለሁ።

ቅጣት ድህነትን አያጠፋም የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። በ2007 ዓ.ም. የተደረገው ብሔራዊ ጥናት 16 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆች በሕፃናት ጉልበት ሥራ ላይ መሆናቸውን አሳይቷል። ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው ጋር የሚያርሱና ከብት የሚጠብቁ ናቸው። የደኸየ ወላጅን ማሰር ልጁን ዳግም ማስራብ ስለሆነ፣ ለእነርሱ የሚበጀው የትምህርት ቤት ምገባና የቤተሰብ ድጋፍ ነው። የከተማው አሠሪ ጉዳይ ግን ይለያል። ልጁን የሚመርጠው ከአዋቂ ያነሰ ስለሚከፍለው፣ ሲሰድበው ስለማይመልስለትና መሄጃ እንደሌለው ስለሚያውቅ ነው። ቅጣቱ ይህን ጥቅም ማሳጣት አለበት።

እንግዲህ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንቡን ያውጣ፤ የ15 ዓመቱ ወለል ለጓዳውም ይሥራ። ጥፋተኛው አሠሪ ልጁ የሠራበትን ዘመን ሁሉ በአዋቂ ሠራተኛ ደመወዝ አስልቶ በልጁ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ያስገባ፤ ወደ ቤተሰቡና ወደ ትምህርቱ የሚመለስበትንም ወጪ ይሸፍን። ያመጣው ደላላ አብሮት ይጠየቅ። መቀጮው ወደ መንግሥት ካዝና ብቻ ገብቶ ልጁ ጎዳና ላይ ከወደቀ፣ ሕጉ አሠሪውን ቀጣ እንጂ ልጁን አላዳነም።