ውሻው ፈርቶ እንጂ አብዶ አይደለም



በዚህ ሰሌዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ወርኃዊ መዋጮ፣ ስለ ቦይ ጠረጋና ስለ ዘበኛ ደመወዝ ነው። ዛሬ ግን ስለ ውሻ ልንጽፍ ነው። «ሰው ኑሮ ከብዶት ሳለ ማኅበሩ ለውሻ ማሰብ ጀመረ ወይ?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ዳሩ ግን ነገሩ የውሻ ብቻ አይደለም፤ የልጆቻችንም፣ የእንግዶቻችንም፣ የሌሊት እንቅልፋችንም ጉዳይ ነው። ስለዚህ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልን እንለምናለን።

እንደሚታወቀው ነሐሴ ከገባ ጀምሮ ልጆች ጅራፍ እየገመዱ ማጮኽ ይጀምራሉ። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ነው፤ ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች ዱላቸውን መሬት እየመቱ በየበሩ ይዞራሉ። ከዚያ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ አለ፣ ርችት አለ። መስከረም 1 ቀን ደግሞ አበባየሆሽ የሚሉ ሴቶች ልጆች ከበሮ ይዘው ይመጣሉ። መስከረም 16 ቀን ማታ የየሠፈሩ ደመራ ይለኮሳል፤ እንደገና ርችት ነው። ከቡሄ እስከ መስቀል ቢቆጠር 39 ቀን ይሆናል፤ ጷጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት 40። ለእኛ በየመካከሉ እረፍት ያለው ደስታ ነው። በር ላይ ለታሰረ ውሻ ግን መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያበቃ የማያውቀው የተኩስ ወራት ነው።

ባለፈው ዓመት በደመራ ማታ በታችኛው መንገድ የሆነውን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። የአንዲት ብቻቸውን የሚኖሩ እናታችን ውሻ ርችቱ ከአጥሩ ሥር ሲፈነዳ ሰንሰለቱን በጥሶ ወጣ። ምላሱን አውጥቶ፣ ለሐጩ እየተዝረበረበ፣ ዓይኑ ፈጦ ከወዲያ ወዲህ ሲሮጥ አንዱ «አብዷል!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ማን ይጠይቃል? ድንጋይ የያዘ በድንጋይ፣ ዱላ የያዘ በዱላ ነው። እናታችን ነጠላቸውን እንኳ ሳያደርጉ የክትባቱን ወረቀት ይዘው ሲደርሱ ውሻው አልቆ ነበር። በዚያው ዓመት የተከተበ ውሻ ነው። ማንንም አልነከሰም። እኚህ እናት እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ መንገድ ማለፍ ትተዋል፤ ዳቦ ቤት የሚሄዱት ዞረው ነው።

እኛ የምንለው ይኼ ነው፤ በበዓል ማታ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያለከልክ፣ ለሐጩ የሚወርድ፣ ጅራቱን በእግሩ መሀል የወተፈ፣ ምግብ እምቢ ያለ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ የፈራ ውሻ ነው። ፍርሃትና የእብድ ውሻ በሽታ በአንድ በኩል ይመሳሰላሉ፤ በሌላ በኩል ግን አይገናኙም። የፈራ ውሻ ጫጫታው ሲያልፍ፣ ለአንዳንዱ በማግሥቱ ይሁን እንጂ፣ ወደ ጠባዩ ይመለሳል፤ ውኃውን ይጠጣል፣ ባለቤቱን ያውቃል። የታመመው ግን እየባሰበት ይሄድና በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ሐኪሞች የነከሰን ውሻ ገድለው ከመገላገል ይልቅ 10 ቀን ዘግተው የሚከታተሉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን ስንል የማታውቁትን የሚሮጥ ውሻ ሄዳችሁ ዳብሱ ማለታችን አይደለም። ከመንገዱ ራቁ፣ ልጆችን አስገቡ፣ ባለቤቱን ጥሩ። ሰው ከተነከሰ ደግሞ፣ ውሻው የተከተበ ነው ቢባልም እንኳ፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ቡና መነስነስ፣ በርበሬ ማሰር የሚባለውን ተዉት። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱ ግን በጊዜ ከተጀመረ ያድናል። ውሾቻችሁንም በየዓመቱ አስከትቡ።

አሁን ወደ ፍርሃቱ እንመለስ። የሰው ጆሮ የሚሰማው ቀጭን ድምፅ በሰከንድ እስከ 20,000 ንዝረት ድረስ ያለውን ሲሆን፣ የውሻ ጆሮ ግን እስከ 45,000 ገደማ ይሰማል። ይህም ማለት እኛ ጨርሶ የማንሰማውን ፉጨት እሱ ይሰማዋል ማለት ነው። ጅራፉም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም፤ ያን ያህል የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በልጦ ስለሚወነጨፍ ነው። እኛ ርችቱን ማን እንደተኮሰና ለምን እንደተኮሰ ስለምናውቅ እንስቃለን። ውሻ ዓውደ ዓመት መሆኑን ማን ይነግረዋል?

የፈራ እንስሳ ያለው መንገድ ሁለት ነው፤ ወይ ይሸሻል ወይ ይናከሳል። ሰንሰለት ያሠርንበት ጊዜ አንደኛውን መንገድ ዘጋንበት። የቀረው ምንድን ነው? ሆያ ሆዬ ያለ ልጅ በሩ ሥር ገብቶ ዱላውን መሬት ሲመታ፣ ውሻው ወደ ኋላ ቢል ሰንሰለቱ ይይዘዋል፣ ወደ ፊት ቢል ልጁ አለ። ከዚያ «ይኼ ውሻ ክፉ ነው» እንላለን። በበዓል ሰሞን ሰንሰለት የሚያሳጥሩ ሰዎች አሉ፤ ልጆች እንዳይነከሱ አስበው ነው፣ በቅንነት ነው፤ ነገር ግን ውሻውን የባሰ አደገኛ ያደርጉታል። በአጥር አጠገብ የታሰረም እንደሆነ ቆርቆሮውን ለመዝለል ሲሞክር በገዛ ሰንሰለቱ ሊታነቅ ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መልሱ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በዋዜማው ቀን ውሻውን ገና በብርሃን ሳለ በደንብ አንሸራሽሩት፣ ይድከም። ምግቡን ቀደም አድርጋችሁ ስጡት፤ ከመሸ በኋላ ከፍርሃቱ የተነሣ አይበላም። ጀምበር ሳትጠልቅ ከበር አንሥታችሁ ወደ ውስጥ አስገቡት። «ውሻ ቤት አይገባም» የሚሉ እናቶችና አባቶች አሉ፤ ልማዳችሁን እናከብራለን፣ ሳሎን ይግባ አላልንም። ማድ ቤቱ አለ፣ ሰርቪሱ አለ፣ የዕቃ ማስቀመጫው አለ፤ አራት ግድግዳና የሚዘጋ በር ያለው ይበቃል። መስኮቱን በብርድ ልብስ ወይም በጆንያ ሸፍኑት፤ ብልጭታውም ያስፈራዋልና። የሚተኛበትን የለመደውን ጨርቅ አንጥፉለት፣ ውኃ አስቀምጡለት፣ ሬዲዮ ለስለስ አድርጋችሁ ክፈቱለት። ጠረጴዛ ሥር ወይም አልጋ ሥር ሊገባ ከፈለገ ተዉት፤ ጎትቶ ማውጣት አያስፈልግም። ማሰሪያው ላይ የስልክ ቁጥራችሁን ጻፉበት፤ ቢያመልጥ መልሶ የሚደውል ደግ ሰው አይጠፋም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሚያውቀው ሰው አጠገቡ መቀመጡ ነው። «ብታባብለው ፍርሃቱን ታስለምደዋለህ» የሚል አነጋገር ተለምዷል። ትክክል አይደለም። ፍርሃት ማባበል የሚጨምረው ነገር አይደለም፤ መጥቶ ከተጠጋችሁ ቀስ ብላችሁ ዳብሱት፣ እናንተ ግን አትደንግጡ፣ አትጩኹ። ዱላ ግን ፍርሃቱን በእርግጥ ያብስበታል፤ ከርችቱ ሌላ እናንተንም ይፈራልና።

ስለ አረቄና ጠላ ደግሞ እንናገር። «ትንሽ አቅምሰው፣ ይተኛልሃል» የሚሉ አሉ። መጠጥ ለውሻ መርዝ ነው፤ በቃ። የሰው የእንቅልፍ ክኒን፣ የሰው የራስ ምታት ክኒንም እንዲሁ። ፍርሃቱ ከመጠን ያለፈ፣ በር የሚቧጭር፣ ራሱን የሚያቆስል ውሻ ያላችሁ የእንስሳት ሐኪም አማክሩ፤ በእርግጥ ፍርሃትን የሚያበርድ መድኃኒት አለ። አንዳንዱ መድኃኒት ደግሞ አካሉን ብቻ ያፈዝዘዋል፤ ውሻው ተኝቷል ስትሉት በውስጡ እየፈራ ነው፤ ይኸንኑም ጠይቁ። ነገር ግን የዋዜማው ዕለት ማታ ሳይሆን ከብዙ ቀን በፊት ሂዱ። (በነገራችን ላይ በዓሉ ሲደርስ የዶሮ ወጥ ትርፍ የምትሰጡ ተዉ፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል፣ ሽንኩርቱም ለውሻ መርዝ ነው።)

ጊዜ ያላችሁ ከዛሬ ጀምሩ። የርችትና የጅራፍ ድምፅ በስልካችሁ ላይ ቀድታችሁ በጣም ዝቅ አድርጋችሁ አሰሙት፤ እየሰማ የሚወደውን ነገር ስጡት። ጾም ነውና ሥጋ ባይኖር ከሙልሙሉ ቆርሶ መስጠት ነው። ካልደነገጠ በሚቀጥለው ቀን ጥቂት ከፍ ማድረግ፤ ከደነገጠ ዝቅ አድርጎ መመለስ። ለቡሄ ባይደርስ ለመስቀል ይደርሳል። ችኮላ ግን አይሆንም።

«እንዲህ ከተቀማጠለ ሌባ ሲመጣ ማን ይጮኻል?» ብለው ያሾፉብን የኮሚቴ አባል አሉ፤ ስማቸውን አንጠራም፣ ራሳቸውን ያውቃሉ። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን በርችት ማታ ለእያንዳንዱ ፍንዳታ የሚጮኽ ውሻ ሌባም ቢመጣ የሚጮኸው ያንኑ ጩኸት ነው፤ ማናችን ተነሥተን እናያለን? ሌባም ይህን ያውቃል። በዚያ ማታ ዘበኛው ይጠብቅ፣ እኛም በየተራ እንውጣ፤ ውሻው በማግሥቱ ሥራውን ይቀጥላል።

የተናገርነው ሁሉ ለውሻ ባለቤቶች ብቻ መስሎ እንዳይታይ። ርችት የምትገዙ ወንድሞች፣ ደስታችሁን አንከለክልም፤ ቡሄ ያለ ጅራፍ፣ ደመራ ያለ ጭብጨባ ምን ያምራል? ዳሩ ግን ከሌሊቱ 7 ሰዓትና 8 ሰዓት ላይ መተኮስ ምን የሚሉት በዓል ነው? በዚያ ሰዓት የሚነሡት ውሻው፣ የታመመው ሰውና ያራስ ቤቱ ሕፃን ናቸው። ልጆች ደግሞ እየሣቁ ርችት በታሰረ ውሻ ላይ ሲወረውሩ አይተናል፤ ወላጆቻቸውም ቆመው እያዩ ነበር። ይህ ጨዋታ አይደለም። ወላጅ ካልገሠጸ ማን ይገሥጽ?

ለሆያ ሆዬ ልጆችም አንድ ነገር ንገሩልን፤ ከበሩ ውጭ ሆነው ይጨፍሩ፣ ባለቤቱ ራሱ ወጥቶ ሙልሙሉን ይስጣቸው። በሩን ገፍቶ መግባት ይቅር። ባለቤትም አጥርን ዘግቶ መጥፋት ነውር ነውና ይውጣ።

በመጪው እሑድ ስብሰባ ላይ የምናቀርበው ሐሳብ እንደሚከተለው ነው። በእንቁጣጣሽ ዋዜማና በደመራ ዕለት ርችት ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ብቻ፣ ኳስ ሜዳው ላይ ብቻ እንዲተኮስ፤ ሰዓቱም ከ3 ቀን በፊት በማኅበሩ ድምፅ ማጉያ እንዲነገር፤ ማጉያውም ራሱ ከ3 ሰዓት በኋላ እንዲዘጋ። የመጨረሻውን ያልወደዱ አሉ፤ በስብሰባው እንከራከራለን።

ግቢያቸው ጠባብ ሆኖ ውሻ የሚያስገቡበት ቤት የሌላቸው ነዋሪዎች ካሉ ድንኳንና ድስት የምናስቀምጥበት የማኅበሩ ዕቃ ቤት ለእነዚያ ሁለት ማታዎች ይከፈታል። የማይተዋወቁ ውሾች ስለሚጣሉ ለአንድ ማታ አንድ ውሻ ብቻ እንቀበላለን፤ ቀድሞ ለተመዘገበ ነው። ባለቤቱም አብሮት ማምሸት አለበት፣ በማያውቀው ቤት ብቻውን የተዘጋበት ውሻ ከርችቱ በላይ ይፈራልና። ምዝገባው ዘወትር ከ11 ሰዓት በኋላ በጽሕፈት ቤቱ ነው፤ የክትባት ወረቀት ይዛችሁ ኑ።

የማኅበሩ ጸሐፊ