ስለ አሠልጣኞች ሹም ሽር

የኢትዮጵያ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን ከትልቅ ውድድር ተሸንፎ በወጣ ቍጥር በከተማው የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም አሠልጣኙ ይሻራልን? በፈንታውስ ማን ይሾማል? የሚል ነው። በቡና ቤትና በመሥሪያ ቤት በረንዳ ላይ ስም እየተጠራ የአንዱ መሻር፥ የሌላው መሾም ይተነበያል፤ ረዳቱ አብሮ ይሄዳል፥ የበረኞቹ አሠልጣኝ ግን ይቀራል እየተባለም ይከራከሩበታል። ወሬው ከኳስ ፍቅር የሚመነጭ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ወሬው ወደ ውሳኔ በተለወጠ ጊዜ ብዙ የተደከመበት ሥራ አብሮ ይፈርሳልና፥ ከ2005 ዓ. ም. ወዲህ የሆነውን መመርመር ይገባል።

በጥር ወር 2005 ዓ. ም. በአቶ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን ኢትዮጵያን ከ31 ዓመት በኋላ በደቡብ አፍሪካ ወደ ተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ መለሳት። ሰኔ 9 ቀን ደግሞ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን በአዲስ አበባ 2 ለ1 ረታ። ሕዝቡ ደስታውን ገና ሳይጨርስ ፊፋ ሌላ ነገር አሰማ፤ ሰኔ 1 ቀን ከቦትስዋና ጋራ በተደረገው ግጥሚያ ሁለት የማስጠንቀቂያ ካርድ ያለበት ተጫዋች ተሰልፎ ተገኝቷልና፥ በሜዳ 2 ለ1 የተገኘው ድል ተሰርዞ 3 ለ0 እንደ ተሸነፈ ተቈጠረ። ሦስት ነጥብም ጠፋ። ይህ ጥፋት የእግር ሳይሆን የመዝገብ ጥፋት ነው፤ ካርዱን ቈጥሮ የሚጽፍ ጸሓፊ፥ የተጻፈውንም የሚያነብ ሹም ቢኖር ኖሮ ባልደረሰም ነበር። ይህም ሁሉ ሆኖ ቡድኑ ጳጉሜን 2 ቀን የመካከለኛው አፍሪካን ሪፐብሊክ በብራዛቪል 2 ለ1 አሸንፎ በ13 ነጥብ የምድቡ አንደኛ ሆነ።

የቀረው ከናይጄሪያ ጋራ የሚደረገው የመጨረሻ ማጣሪያ ነበር። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም በኃይሉ አሰፋ ባገባው ግብ ኢትዮጵያ ቀደመች፤ ኢማኑኤል ኤሜኒኬ ግን ሁለት ግብ አገባ፥ ሁለተኛውንም ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በፍጹም ቅጣት ምት አገባው። ኅዳር 7 ቀን በካላባር ናይጄሪያ 2 ለ0 ስለ አሸነፈች የሁለቱ ግጥሚያ ድምር 4 ለ1 ሆነ። ያሸነፈው ቡድን ከዘጠኝ ወር በፊት የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደው ያው ቡድን መሆኑን በዚያ የሐዘን ሰሞን ያስታወሰ ጥቂት ነው።

በዚያው ዓመት ጥር ወር በአገራቸው ሊግ ለሚጫወቱ ብቻ በተወሰነው ቻን በሚባለው ውድድር ኢትዮጵያ በሊቢያ፥ በኮንጎና በጋና ተሸንፋ አንዲት ግብ እንኳ ሳታገባ ተመለሰች፤ አቶ ሰውነትም ተሰናበቱ። ሳላዲን ሰይድና ጌታነህ ከበደ ግን በውጭ አገር ክበቦች ይጫወቱ ስለ ነበረ በውድድሩ ሕግ ሊሰለፉ አይችሉም ነበር። ስለዚህ አሠልጣኙ የተመዘኑት ዋና ዋናዎቹ አጥቂዎቻቸው በሌሉበት ጨዋታ ነው።

ከዚያ በኋላ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ፥ ዮሐንስ ሣህሌ፥ ገብረ መድኅን ኃይሌ፥ አሸናፊ በቀለ፥ አብርሃም መብራቱና ውበቱ አባተ እየተተካኩ መጡ። ይህም በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስድስት ሰው ማለት ነው፤ ለአንዱ የሚደርሰው አንድ ዓመት ተኩል ያህል ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ተማሪው ከፊደል ወደ ዳዊት፥ ከዳዊት ወደ ዜማ፥ ከዚያም ወደ ቅኔ እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የማያውቅ ካህን የለም፤ በየዓመት ተኩሉ የኔታ የሚለወጥበት ጉባኤ ቤት ምን ዐይነት ደቀ መዝሙር እንደሚያወጣ እርሱ ይፍረድ።

መለወጥ ሁሉ ክፉ ነው ማለት ግን አይደለም። አቶ ውበቱ በ2013 ዓ. ም. ቡድኑን ለአፍሪካ ዋንጫ አብቅተውታል። ሆኖም በዚያው ማጣሪያ በኅዳር 2012 ዓ. ም. አይቮሪ ኮስት በባሕር ዳር 2 ለ1 የተረታችው በአቶ አብርሃም ጊዜ ነበር፤ የመጣው ከሄደው ሰው የተረከበው ስንቅ አለ ማለት ነው።

ባሕር ዳር ከተነሣ ዘንድ ሌላም ነገር አለ። የአገሪቱ ስታዲየሞች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሚጠይቀውን ባለማሟላታቸው ቡድኑ የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ሊያደርግ ተገደደ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ. ም. ግብጽን 2 ለ0 ያሸነፈው በማላዊ ከተማ በሊሎንግዌ ነው፤ የራሱ ሕዝብ በብዛት ሊያየው አልቻለም። ከዚህ ድል በኋላ ዓመት ሳይሞላ አቶ ውበቱም ተለዩ፤ ወሬውም እንደ ልማዱ ስለሚተካቸው ሰው ሆነ።

አሠልጣኙ ስለ አሰላለፉ፥ ስለ መረጣቸው ተጫዋቾችና በሜዳ ስላደረገው ለውጥ ይጠየቅ፤ ይህ ተገቢ ነው። የካርዱን መዝገብ የሚይዘው ጸሓፊ፥ የስታዲየሙን ሥራ የሚያስፈጽመው ሹምና የአሠልጣኙን ውል የሚፈርመው ፌዴሬሽን ግን በእርሱ ሥር አይደሉም፤ ደጋፊውም ስማቸውን በቡና ቤት ሲያነሣ አይሰማም።