ቮልስ ለምን ተወደደ? የአዲስ አበባው አሮጌ መኪና እና የእህቶቻችን ጥሪት

«ሙሉ በሙሉ የታደሰ ቮልስ ተገኝቷል። ሌላ ሰው ሳይወስደው ቶሎ ገንዘብ ላኪ።»

በአል ባጢንም ሆነ በሌላው የአቡዳቢ ሰፈር በሰው ቤት እየሠራችሁ ጥቂት ጥሪት የያዛችሁ እህቶች፣ ይህን የመሰለ የድምፅ መልዕክት ከወንድም፣ ከባል ወይም ከአጎት ልጅ ደርሷችሁ ይሆናል። አብሮትም ፎቶ ይላካል፤ ቀለሙ የሚያበራ፣ ጎማው የታጠበ፣ መቀመጫው አዲስ ቆዳ የለበሰ ትንሽ መኪና።

ለመሆኑ ከ50 ዓመት በፊት የተሠራ መኪና ዛሬ ለምን ተወደደ? ገንዘባችሁን ብታውሉበትስ ታተርፋላችሁ ወይስ ትከስራላችሁ?

ራዲያተር የሌለው መኪና

ቮልስ ብለን የምንጠራው መኪና ቮልስዋገን ቢትል ነው። ጀርመኖች «ጢንዚዛ» ይሉታል፤ አረቦችም ይህንኑ ተርጉመው «ኹንፉሳ» ብለውታል። ንድፉ የፈርዲናንድ ፖርሽ ሲሆን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጀምሮ በብዛት ተመርቷል። የመጨረሻው መኪና በፈረንጆቹ ሐምሌ 2003 ከሜክሲኮ ፋብሪካ እስኪወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል።

ታላቅ ወንድሙን የሚያህለው ኮምቢ በ1950 መመረት የጀመረ ሲሆን፣ ብራዚል ውስጥ እስከ 2013 ድረስ ዘልቋል።

የቮልስ እና የቀድሞዎቹ ኮምቢዎች ልዩ ባሕርይ ሞተሩ ከኋላ መሆኑ እና በውኃ ሳይሆን በአየር መቀዝቀዙ ነው። ራዲያተር የለም፣ የውኃ ቱቦ የለም። ፋኑ የሚነፋው አየር እና የሞተሩ ዘይት ሙቀቱን ይሸከማሉ። ለዚህ ነው አንድ መካኒክ በጥቂት መፍቻ ሊጠግነው የሚችለው፤ ያለ ኮምፒውተር ምርመራ ለአሥርት ዓመታት የዘለቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ ቮልስ የመምህሩ፣ የሐኪሙ እና የመንግሥት ሠራተኛው መኪና ሆኖ ቆይቷል። በታሪክም ስሙ ይነሳል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አፄ ኃይለ ሥላሴን ከሥልጣን ሲያወርድ ንጉሡ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነበር። በሮልስ ሮይስ ይጓዙ የነበሩ ንጉሥ በተራው ሰው መኪና የኋላ ወንበር መቀመጣቸው ለዘመኑ ሰው ትልቅ መልዕክት ነበረው።

ዋጋውን የሰቀሉት ውሳኔዎች

ቮልስ የተወደደው ሰዎች ስለናፈቁት ብቻ አይደለም። ከናፍቆቱ ጀርባ አራት የመንግሥት ውሳኔዎች አሉ።

የመጀመሪያው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ነው። አዋጁ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል። ከዚያ ወዲህ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባት ለተራ ሰው የሚታሰብ አልሆነም።

ሁለተኛው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የመጣ ነው። መንግሥት የቤት አውቶሞቢሎችን ጨምሮ ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ አደረገ። ይህ ክልከላ በኋላ ቢነሳም፣ በጊዜው ገበያውን አድርቆት ነበር።

ሦስተኛው በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ ያስታወቁት ነው። በዚህ ውሳኔ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ «ከዱባይ አንድ አሮጌ ቮልስ ገዝቼ ልላክ» የሚለው ሐሳብ በር ተዘግቶበታል።

አራተኛው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ነው። አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

እነዚህን ደምሯቸው። አዲስ ቮልስ የሚያመርት ፋብሪካ በዓለም ላይ የለም፤ አሮጌውንም ከውጭ ማስገባት አይቻልም። በአገር ውስጥ ያለው ቁጥር በአደጋና በዝገት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ገንዘቡ ዋጋ እያጣ መሆኑን ያየ ሰው ደግሞ ብሩን ወደሚጨበጥ ነገር ለመቀየር ይሮጣል። ቦታና ቤት መግዛት ያልቻለ መኪና ይገዛል።

እዚህ አረብ ኤምሬትስ ነገሩ ሌላ ነው። ከውጭ በሚገባ መኪና ላይ የሚከፈለው ጉምሩክ 5 በመቶ፣ የተጨማሪ እሴት ታክሱም 5 በመቶ ነው። በዚህ አገር ክላሲክ መኪና የባለሀብት መዝናኛ ነው፤ ሻርጃ የክላሲክ መኪኖች ሙዚየም አላት፣ ከአቡዳቢ ወደ ሊዋ በሚወስደው በረሃም የሼኽ ሐመድ ቢን ሐምዳን አል ነህያን ስብስብ አለ። የአል ባጢን ባለ ቪላ አሮጌ መኪና ቢገዛና ዋጋው ቢወድቅበት ኑሮው አይናጋም። የእናንተ ገንዘብ ግን የስንት ዓመት ልፋት ነው። ስለዚህ ስሌቱም በእናንተ ኑሮ ልክ መሆን አለበት።

ብሩ ሲጨምር ድርሃሙስ?

ድርሃም ከዶላር ጋር የታሰረ ገንዘብ ነው፤ ከ1997 ጀምሮ አንድ ዶላር 3.6725 ድርሃም ነው። ስለዚህ ብር በዶላር ሲወድቅ በድርሃምም እኩል ይወድቃል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሩ ለስሌት የቀረበ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። አንዲት እህት ድርሃም 15.50 ብር ሳለ በ300 ሺህ ብር ቮልስ ገዛች እንበል። ያወጣችው 19,355 ድርሃም ገደማ ነው። ድርሃም 27 ብር ሲገባ መኪናው 500 ሺህ ብር ተሸጠ። ቤተሰብ «200 ሺህ ብር አተረፍን» ብሎ ይደሰታል። ወደ ድርሃም ስንመልሰው ግን የተገኘው 18,519 ገደማ ነው። ከ800 ድርሃም በላይ ጎደለ ማለት ነው፤ የጋራዥ ወጪው፣ የደላላው ድርሻ እና የስም ማዞሪያው ገና አልተቆጠረም።

በሌላ በኩል ያው 300 ሺህ ብር ባንክ በብር ተቀምጦ ቢሆን ኪሳራው ከዚህም ይብስ ነበር። ስለዚህ ወንድማችሁ «ብር ከማስቀመጥ መኪና ይሻላል» ቢል አልዋሸም። ጥያቄው ከምን ጋር እናነጻጽር የሚለው ነው። መኪናው ከብር ይሻል ይሆናል፤ እጃችሁ ላይ ካለው ድርሃም ግን ላይሻል ይችላል። የኢትዮጵያ ባንኮች በውጭ ለሚኖሩ ዜጎች የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንደሚከፍቱም አትርሱ።

ሌላም ነገር አለ። በአሜሪካ ጨረታዎች ላይ ብዙ መስኮት ያላቸው የቀድሞ ኮምቢዎች ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጠዋል። ደላሎች ይህን ዜና ማውራት ይወዳሉ። ያ ዋጋ ግን ብርቅ ለሆነ ሞዴል፣ ኦሪጅናል ዕቃው ላልተነካ መኪና እና ገንዘቡ ለተትረፈረፈ ገዢ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለታደሰ ቮልስ ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍለው ሰው ጥቂት ነው። ገንዘቡ በቸኮላችሁ ቀን ላይገኝ ይችላል።

«የታደሰ» ሲባል

መታደስና መቀባት አንድ አይደሉም። ፎቶ ላይ ሁለቱም ያበራሉ። ስለዚህ ለምታምኑት መካኒክ ከፍላችሁ እነዚህን አስፈትሹ፦

የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። አሲዱ እየፈሰሰ ወለሉን ይበላዋል። ወንበሩና ምንጣፉ ተነስቶ ወለሉ ይታይ፤ አዲስ ላሜራ ተበይዶ ነው ወይስ ዝገቱ በቀለም ተሸፍኖ?

የሻንሲ ቁጥሩም እዚያው ከኋላ ወንበር ሥር፣ በመካከለኛው ብረት ላይ ተመትቷል። ሊብሬው ላይ ካለው ቁጥር ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር። የሞተር ቁጥሩም እንዲሁ፤ ሞተር የተቀየረላቸው ብዙ ናቸውና ለውጡ በሊብሬው ላይ መመዝገቡ ይረጋገጥ።

ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ መካኒኩ ከኋላ ያለውን የችንጋ ፑሌ ይዞ ወደፊትና ወደኋላ ይሞክረው። በግልጽ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሞተሩ መከፈት አለበት፤ ይህ ደግሞ ትልቅ ወጪ ነው። ችንጋውም ይታይ። የማቀዝቀዣው ፋን የሚዞረው በእሱ ስለሆነ፣ ችንጋ ተበጥሶ መንዳት ሞተሩን ማቃጠል ነው።

የከተማዋ ከፍታም መታሰብ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ጉልበት ያጣል። ባለ 1200ው ቮልስ አዲስ ሆኖ እንኳ 34 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። እንጦጦን በአራት ሰው እንዲወጣ መጠበቅ አይገባም።

«ሥራ ይሠራበታል» የሚል ተስፋ ከተሰጣችሁም ታርጋውን ጠይቁ። ለዓመታት በምናውቀው አሠራር ኮድ 1 የታክሲ፣ ኮድ 2 የቤት፣ ኮድ 3 የንግድ ነው። የቤት መኪናን ለሰርግ ወይም ለሰው ማመላለሻ ማከራየት ከሕግ ጋር ሊያጋጭ ይችላል።

ሊብሬው በማን ስም ነው?

በትርጉም ሥራዬ ደጋግሞ ጠረጴዛዬ ላይ የሚመጣ ወረቀት ውክልና ነው። አረብኛው «ወካላ»፣ የእኛው «ውክልና»፤ ሥሩ አንድ ነው፣ ትርጉሙም ሌላው ሰው በእናንተ ቦታ ቆሞ እንዲፈርም መፍቀድ ነው። ብዙዎች ደላላ ወይም ዘመድ ያዘጋጀውን ረጅም ጽሑፍ ሳያነቡ ይፈርማሉ። «እንዲገዛ» ብቻ ለማለት የመጣች እህት «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስጦታ እንዲያስተላልፍ» የሚልም ፈርማ ትሄዳለች።

ስለዚህ አቡዳቢ ባለው ኤምባሲ ወይም ዱባይ ባለው ቆንስላ ውክልና ስትሰጡ ሥልጣኑን አጥብቡት፤ «መኪናውን እንዲገዛልኝ እና በስሜ እንዲያስመዘግብልኝ» ይበቃል። ለመሸጥ ቀኑ ሲደርስ ሌላ ውክልና ይሰጣል። የሽያጭ ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ፊት ይፈረም፤ ከዚያ በፊት መኪናው ዕዳና እግድ የሌለበት መሆኑ፣ ቦሎውም ያላለፈበት መሆኑ ይጣራ።

ሊብሬው በወንድም ስም ከወጣ መኪናው በሕግ ፊት የወንድም ነው፤ የላካችሁት ገንዘብ ከስጦታ ላለመቆጠሩ ማስረጃ ማቅረብ የእናንተ ጣጣ ይሆናል። በባል ስም ከሆነ ግን ልዩነት አለ። በአዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገምታል። የሐዋላ ደረሰኞቻችሁን ሁሉ አስቀምጡ፤ የድምፅ መልዕክቱንም አታጥፉት።

ቮልስ በራሱ መጥፎ ግዢ አይደለም። ዋጋውን የያዙት ምክንያቶች በአንድ ጀምበር የሚለወጡ አይመስሉም፤ በደንብ የታደሰ መኪናም ከብር ይልቅ ዋጋውን ሊጠብቅ ይችላል። ነገር ግን ነዳጅ የሚጠጣ፣ በየወሩ ከሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚጠይቅ፣ እናንተ የማትነዱት ንብረት ነው። ለመግዛት ከወሰናችሁ በስማችሁ፣ በመካኒክ ተፈትሾ፣ ከጥሪታችሁ በከፊሉ ብቻ ይሁን። ወንድማችሁ የሚወደው መኪና መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ወደ አገር የምትመለሱበት ስንቅ መሆን አለመሆኑ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። እሱን የምትመልሱት እናንተ ናችሁ።