በአንደበት የተዋጀ ቤት

ከአዲስ አበባ እንግዳ በመጣልኝ ቁጥር ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ወደ ማውንት ቨርነን፣ ወደ ጆርጅ ዋሽንግተን ቤት፣ ይዤው እሄዳለሁ። ሁሉም ፖቶማክ ወንዝን በሚያየው ሰፊ በረንዳ ላይ ፎቶ ይነሳል። እኔ ደግሞ ስለ ኤድዋርድ ኤቨረት ሳልነግር አልመለስም።

እ.ኤ.አ. በ1853 ይህ ቤት ቀለሙ ረግፎ፣ በረንዳው ሊወድቅ ደርሶ ነበር። ከፈረስ ወድቃ ጤናዋን ያጣችው የደቡብ ካሮላይናዋ አን ፓሜላ ከኒንግሃም ሴቶችን አስተባብራ ቤቱን ልትገዛ ተነሳች። ዋጋው 200 ሺህ ዶላር ነበር። ሊረዳት ሲነሳ ኤቨረት 60 ዓመት አልፎት ነበር፤ የሃርቫርድ ፕሬዚዳንትም ሴናተርም ሆኖ አይቶታል። ስለ ዋሽንግተን ያዘጋጀውን አንድ ንግግር በቃሉ ይዞ ከከተማ ከተማ ዞረ፤ ከ120 ጊዜ በላይ ተናገረው። ከንግግሩና ከሳምንታዊ የጋዜጣ ጽሑፉ የተገኘውን ከ60 ሺህ ዶላር በላይ ለቤቱ ሰጠ። አንዱን ንግግር እስከ 100ኛው አዳራሽ ድረስ ሳያሰለቹ መናገር! እኔ ይህን ከልግስናው አላሳንስም። ብዙ ሰው ኤቨረትን የሚያውቀው በጌቲስበርግ የወታደሮች መቃብር ምረቃ ላይ ከፕሬዚዳንት ሊንከን በፊት ሁለት ሰዓት በመናገሩ ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል።

አንድ ነገር ግን አልቀበልለትም። በዋሽንግተን ስም በባርነት ጉዳይ የተጣሉትን የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ ለማስታረቅ ሲጥር የማውንት ቨርነንን ባሮች ወደ ጎን ትቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1799 በዚያ እርሻ 317 ባሮች ይኖሩ ነበር። ስለዚህ እንግዶቼን ከበረንዳው አንስቼ ከዋሽንግተን መቃብር አለፍ ብሎ ወዳለው ጫካ እወስዳቸዋለሁ። የባሮቹ መቃብር እዚያ ነው፤ ስም የተጻፈበት ድንጋይ የላቸውም።